ስለቱ መቼ ይገባል? የአንዲት ሕፃን ቀዶ ሕክምናና የቤተሰቧ እምነት

መነሻ

የሕፃናት ካንሰር ክፍል ነርስ ነኝ። ብዙ ልጆች አይቻለሁ፤ ታሪካቸው አንዱ ካንዱ እየተደባለቀብኝ ተቸግሬያለሁ። የዚህችን ልጅ ታሪክ ግን ከማንም ጋር አላደባለቅኩትም። የምጽፈው እኛ ባለሙያዎቹ የሳትነው ነገር ስላለበት ነው። ወላጆቿ ፈቅደውልኛል። ስም፣ ወረዳና ሆስፒታል አልጠቅስም። ከሰሜን ሸዋ ገጠር መምጣታቸውን ብቻ ያዙልኝ።

ክፍላችን ውስጥ የተለመደ አነጋገር አለ፦ «ቤተሰቡ ጸበል ብሎ ጠፋ»። ቀጠሮ ያለፈበት ካርድ በተነሳ ቁጥር እንላታለን። ስለዚህ ቤተሰብም እኔው ራሴ ብያለሁ። በኋላ ሲጣራ ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ።

ልጅቷና ቤቷ

ልጅቷ ሦስት ዓመት ተኩሏ ነበር። አባቷ ገበሬ ነው። ድቁና ጀምሮ አቋርጧል፤ ዳዊት መድገም ግን አልተወም። እናቷ ስምንተኛ ክፍል ደርሳ ያገባች ወጣት ናት። የአባትየው እናት እዚያው ግቢ ይኖራሉ። በዚያ ቤት የመጨረሻው ቃል የሳቸው ነው። ይህንን ያወቅነው ግን በጣም ዘግይተን ነው።

ነገሩን መጀመሪያ ያገኙትም እሳቸው ናቸው። ለእንቁጣጣሽ ልጅቷን ሲያጥቧት ግራ ጎኗ ጠጥሮባቸዋል። አላመማትም። ትበላለች፣ ትጫወታለች። «ጣፊያ ነው» ተባለና ሰፈር ውስጥ ሆድ የምታሽ ሴት ዘንድ ተወሰደች። ሦስት ቀን በቅቤ ታሸች።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። የልጅ ሆድ ውስጥ ጠጣር ነገር ካገኛችሁ አታሹ፣ አታሳሹ። ዕጢው ሊፈነዳና ሆድ ውስጥ ሊረጭ ይችላል። እኛ ራሳችን እንዲህ ያለ ልጅ ሲተኛ «ሆድ አይነካ» ብለን አልጋው ላይ እንለጥፋለን፤ ሐኪም ሁሉ እየመጣ እንዳይዳስሰው።

ማሸቱ ለውጥ አላመጣም። ሁለት ሱባዔ ሊይዙ ጸበል ገቡ። እዚህ ሲደርስ አንባቢ ቀሪውን ታሪክ የሚያውቀው ይመስለዋል። እኔም መስሎኝ ነበር። በአሥራ አንደኛው ቀን የልጅቷ ሽንት ቀላ። እናትየው ያየችው ነጠላዋ ላይ ነው። ሕፃኗን አቅፋ አጥማቂው አባት ዘንድ ሮጠች። እሳቸውም አይተው «ጸበሉ የሚያሳየውን አሳይቷል፤ አሁን ሐኪም ይያት» አሏት። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ነበሩ። ይህን ቤተሰብ ወደ እኛ የላከው ጸበል አጥማቂ ነው ማለት ነው። ካርዷ ላይ ግን እንዲህ የሚል ነገር የለም። «ጸበል ቆይታ የመጣች» ነው የሚለው።

ሕመሙ

ደብረ ብርሃን በአልትራሳውንድ፣ አዲስ አበባ ደግሞ በሲቲ ስካን ታየች። ግራ ኩላሊቷ ላይ ትልቅ ዕጢ አለ። ዊልምስ ቱመር ይባላል። ስሙ የተወሰደው በ1899 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ዕጢ በሰፊው ከጻፈው ጀርመናዊ ሐኪም ከማክስ ዊልምስ ነው። በብዛት የሚይዘው ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ነው። ደግነቱ ሕክምና የሚሰማ ካንሰር ነው። ሀብታም አገሮች ውስጥ ከአሥር ልጆች ዘጠኙ ገደማ ይድናሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. የሕፃናት ካንሰር መርሐ ግብሩን ሲጀምር ቅድሚያ ከሰጣቸው ስድስት ካንሰሮች አንዱ ይኸው ነው። ግቡ እስከ 2030 ድረስ በዓለም ዙሪያ ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ቢያንስ 60 በመቶው እንዲድኑ ነው። ድሃ አገሮች ከዚህ ገና ሩቅ ናቸው። ከምክንያቶቹ አንዱ ጀምሮ ማቋረጥ ነው።

የሕክምናው ቅደም ተከተል ለዚህ ታሪክ ስለሚያስፈልግ በአጭሩ ልናገረው። መጀመሪያ ዕጢውን ለማሟሸሽ ለአራት ሳምንት መድኃኒት በደም ሥር ይሰጣል፤ ቪንክሪስቲንና አክቲኖማይሲን። ከዚያ ኩላሊቱ ከነዕጢው ይወጣል። የወጣው በላቦራቶሪ ይመረመርና ደረጃው ይታወቃል። የዚህች ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ሆነ። ስለዚህ ከቀዶው በኋላ 27 ሳምንት የሚዘልቅ መድኃኒት ይቀራታል። ዓይን የማያየውን ቅሪት የሚያጠፋው ያ ነው።

ልብ በሉ፤ ከቀዶው በኋላ ያለው ሕክምና ከቀዶው በፊት ካለው በብዙ እጥፍ ይረዝማል። ለቤተሰብ ግን ትልቁ ተራራ ቀዶው ነው። ካለፈ በኋላ ያለው ሁሉ ቁልቁለት ይመስላል።

ከቀዶው በፊት

ሲገቡ መረጃ የተቀበልኳቸው እኔ ነኝ። ቅጹ ላይ «ሃይማኖት» የሚል መስመር አለ። «ኦርቶዶክስ» ብዬ ሞልቼ አለፍኩ። የጠየቅኩት ይኼንኑ ብቻ ነው።

አልጋው ሥር ጸበል የሞላ ሃይላንድ ነበር። ነርሶች ሲመጡ እናትየው በእግሯ ገፋ ታደርገዋለች። አይቼ እንዳላየ አልፍ ነበር። ያኔ ትዕግሥት መስሎኝ ነበር።

የቀዶው ቀጠሮ ኅዳር 24 ላይ ዋለ። ጾመ ነቢያት ከገባ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል። እናትየው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች። ቀን ከልጇ ጋር ትንከራተታለች፣ ሌሊት ቁጭ ብላ ታድራለች። ኅዳር 21 ቀን ኮሪደር ላይ ወደቀች። ግሉኮስ ሰጥተን ስናነሳት የመጀመሪያ ቃሏ «እንዳታፈርሱብኝ» ነበር። ያን ቀን ነው ልጅቷም እንቁላልና ወተት እንደማትቀምስ ያወቅነው። እኛ በየቀኑ «ፕሮቲን፣ ፕሮቲን» እንላለን። እናትየው «እሺ» ትላለች። ልጅቷ የምትበላው ግን ሽሮ ብቻ ነው።

ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ እንደማይጾም እናትየው አጥታው አይደለም። ጾሙን ስለ ልጇ ተስላበት ነበር፤ «ከኔ ጋር ትጹም፣ አብረን እንለምን» ብላ። የሥነ ምግብ ባለሙያችን ግማሽ ሰዓት አስረዳቻት፤ ምንም አልተለወጠም። በመጨረሻ አባትየው ለንስሐ አባታቸው ደወለ። ድምፃቸው ከስልኩ ተርፎ ይሰማ ነበር። «ሕፃን አይጾምም። አንቺም አስታማሚ ነሽ። ብይና ልጅሽን አስታሚ። ስለቱን እኔ ተቀብያለሁ።» ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ምሽት ላይ ልጅቷ እንቁላሏን በላች።

ትምህርቱ እጃችን ላይ ነበር፤ አላነሳነውም። «እንኳን በላች» ብለን ወደ ሥራችን ሄድን። የካህኑን ስልክ ቁጥር እንኳ አልያዝንም።

ደሙም በዚያው ሳምንት ነው የተገኘው። ለቀዶው ደም ያስፈልጋል ሲባል የአባትየው የጽዋ ማኅበርተኞች ሰባት ሆነው በአውቶቡስ መጡ። ጾመው ስለነበር የደም ባንክ ሠራተኞች ሁለቱን ምሳ በልታችሁ ኑ ብለው መለሷቸው። ሰዎቹ በር ላይ ቆመው «እንብላ ወይስ እንመለስ» ብለው ሲከራከሩ ዓይኔ አይቷል። በሉ።

ኅዳር 24

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ልጅቷን ይዘን ወረድን። የቀዶ ክፍሉ በር ላይ ያለችው ባልደረባዬ እንደ ወጉ «ሰውነቷ ላይ ያለ ነገር ሁሉ ይውለቅ» አለች። አንገቷ ላይ ጥቁር ማተብ አለ፤ ከሥሩ ትንሽ የብረት መስቀል።

እናትየው ልጇን ጭምቅ አድርጋ ያዘች። «ማተቧንማ አልበጥስም።» ባልደረባዬ መቀሱን አንስታለች። ወረፋ አለ። ሐኪሞቹ ታጥበው ጨርሰዋል።

ማተብ መበጠስ ባማርኛ ምን እንደሚባልበት አንባቢ ያውቃል። ሃይማኖቱን የካደ ሰው ነው ማተቡን በጠሰ የሚባለው። እናት ልጇን ለቢላዋ በምትሰጥበት ሰዓት ማተብ ቁረጪ ማለት እንደ ቀላል ነገር የሚታዘዝ አይደለም። በሌላ በኩል ብረቱ ግድ መውጣት አለበት። ቀዶ ላይ ደም የሚያቆመው በኤሌክትሪክ የሚሠራ መሣሪያ ስለሆነ ብረት ያለበት ቦታ ሊያቃጥላት ይችላል።

መቀሱን አስቀመጥኩት። ቋጠሮውን በጥፍሬ ፈታሁት። መስቀሉን አውጥቼ ለእናትየው ሰጠኋት። ክሩን ደግሞ የልጅቷ ቀኝ አንጓ ላይ አዞርኩና በፋሻ ሸፍኜ በፕላስተር አሰርኩት። የማደንዘዣ ባለሙያውን ጠየቅኩት፤ «ክር ምን ያደርገኛል» አለ። አራት ደቂቃ ቢሆን ነው። እናትየው ልጇን በገዛ እጇ አስረከበችኝ።

ቀዶው ሦስት ሰዓት ያህል ቆየ። አባትየው ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ዳዊቱን ይደግማል። ገጹን ሲገልጥ አላየሁም። በቃሉ ነው የሚለው፤ መጽሐፉን የያዘው ለእጁ ነው። እናትየው ጫማዋን አውልቃ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ከጎኗ ከወሎ የመጣች ሌላ እናት አለች፤ ሙስሊም ናት። የሷም ልጅ እኛው ክፍል ተኝቷል፤ አልጋቸው ጎን ለጎን ነው። መቁጠሪያዋን ይዛ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አንዷ ስታለቅስ ሌላዋ ውኃ ታመጣለች። ዘምዘም ይሁን ጸበል ይሁን የሃይላንድ ውኃ አልጠየቅኩም።

ዕጢው ከነኩላሊቱ ወጣ። ከግማሽ ኪሎ ይበልጥ ነበር። አልፈነዳም። ዋናው ሐኪም ወጥቶ ለወላጆቹ እንዲህ አላቸው፦ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል። በሰላም ተጠናቋል።»

እነዚህን ቃላት ያዙልኝ።

ቤተሰቡ ጠፋ

ከቀዶው በኋላ የመጀመሪያውን መድኃኒት ታኅሣሥ 4 ተኝታ ሳለች ወሰደች። ታኅሣሥ 7 ቀን ለአራት ቀን ወጥታ ታኅሣሥ 11 እንድትመለስ ተቀጠረች። አልመጣችም። በሳምንቱም የለችም። ካርዷ ላይ «ጠፍታለች» ተብሎ ተጻፈ።

ሦስት ጊዜ ደወልኩ። በሦስተኛው አባትየው አነሳ። ደክሞኝ ነበር፣ ተቆጥቼም ነበር። ያልኩትን ሳልሸፋፍን እጽፈዋለሁ፦ «ልጅቷን ልትገድሏት ነው?» እሱም ረጋ ብሎ «ሲስተር፣ የሚያድንም የሚገድልም እሱ ነው» አለኝና ዘጋው። ከዚያ በኋላ የኔን ቁጥር አላነሳም።

ከኋላ የሰማነው ይሄ ነው። አያትየው ልጅቷ ሆስፒታል ስትገባ ለቁልቢ ገብርኤል ተስለዋል፤ «ዕጢውን አውጣላትና ጥላና ጧፍ አስገባለሁ» ብለው። ዕጢው ወጣ። ሐኪሙ ራሱ «ሙሉ በሙሉ ወጥቷል፣ ተጠናቋል» አለ። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ የሚነግስበት ቀን ነው። ሐምሌ እስኪመጣ ምን ይጠበቃል? ሁለት በግ ሸጡ። ልጅቷን አዝለው ቁልቢ ሄዱ፣ ስለታቸውን አስገቡ፣ እልል ብለው ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ ወደ እኛ መምጣት ለነሱ ሌላ ትርጉም ያዘ። አባትየው እንዲህ ብሎ ነው ያስረዳኝ፦ «ስለቱን አስገብተን ስናበቃ ተመልሰን መርፌ ብናስወጋት፣ ገብርኤልን አላመንነውም ማለት አይሆንም?»

እኛ «ጸበል ብለው ጠፉ» ስንል እነሱ ጸበል አልሄዱም። ቤታቸው ተቀምጠው እያመሰገኑ ነው። በጸሎትም በሐኪምም አምነው፣ ሁለቱም «አለቀ» ብለዋቸዋል።

አንድ ነገር ደግሞ በዚሁ መሃል ሆነ። አያትየው ከቁልቢ ያመጡትን «እምነት» የሚባለውን የተባረከ አመድ ቁስሉ ላይ ቀቡት። ስፌቱ ገና በደንብ አልደረቀም ነበር፤ አመረቀዘ። እናትየው ፈራች። ለኛ እንዳትነግር ግን የምትሰደብ መሰላት። በኔ የስልክ ጠባይ ብታስብ አይፈረድባትም።

የተመለሱበት መንገድ

ያስመለሳቸው የኛ ጥረት አይደለም። ያቺ የወሎ እናት ናት።

ልጇ ለሁለተኛ ጊዜ ነበር የተኛው። ከሁለት ዓመት በፊት ኩላሊቱ ወጥቶለት ቀሪውን መድኃኒት ሳይጨርስ ቀርቷል። በሽታው ሳንባው ላይ ተመለሰ። ለጎረቤቷ ደወለችላት። እናትየው እንደነገረችኝ ቃሏ ይሄ ነበር፦ «እኛም አልሐምዱሊላህ ድኗል ብለን ቤታችን ገባን። እህቴ፣ ምስጋናው ቀድሞብን ነው።»

እናትየው አለቀሰች፤ ለባሏ ነገረችው። እሱ ከናቱ ቃል አልወጣም አለ። እናቱ ከንስሐ አባታቸው ቃል አልወጣም አሉ። እሳቸው ዘንድ ተኬደ።

ካህኑን በኋላ አግኝቻቸዋለሁ። ስድሳ ያለፋቸው፣ ቀልድ የሚወዱ ሰው ናቸው። ለአባትየው ያነሱለት ንጉሥ ሕዝቅያስን ነው። ኢሳይያስ ምዕራፍ 38 ላይ ንጉሡ ታሞ ለሞት ቀርቧል። አልቅሶ ይለምናል። እግዚአብሔርም ሰምቶታል፣ ዕድሜ ጨምሮለታል። ነቢዩ ግን በዚህ አላበቃም። የበለስ ጥፍጥፍ አምጥተው ቁስሉ ላይ እንዲያደርጉለትም አዘዘ። «ትድናለህ ከተባለ በኋላ መድኃኒት ለምን አስፈለገው?» ብለው አባትየውን ጠየቁት። ዳዊት ደጋሚ ነውና የሚመልሰው አጣ። ከዚያ መጽሐፈ ሲራክን ጨመሩለት። እሱም በአጋጣሚ ምዕራፍ 38 ነው። ሐኪምን አክብር ይላል፤ መድኃኒትን ከምድር ያስገኘ እግዚአብሔር ነው ይላል፤ ጸልይ ካለ በኋላ ለሐኪሙም ቦታ ስጠው ይላል።

ለአያትየው ደግሞ ሌላ አሏቸው። «እማሆይ፣ ታኅሣሥ ላይ ያስገቡት ስለቀዶው ነው። ተቀብሎዎታል። የመርፌው ስለት ገና አልተሳለም።» አያትየው እዚያው ቁጭ ብለው ሁለተኛውን ተሳሉ፤ የመጨረሻው መርፌ ሲወጋ የሚገባ።

ጥር 16 ቀን ልጅቷ ተመለሰች። አምስት ሳምንት አልፏታል። ቁስሉን አጥበን በአንቲባዮቲክ አዳንነው። አልትራሳውንዱ ንጹሕ ነበር። ካቆመችበት ቀጠለች።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው

መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅኩ። አባትየው «እኔም ስልክ ዘግቼብሻለሁ» አለ። ተቃቀፍን ማለት አልችልም፤ ሻይ ጠጣን።

ቀጥሎ ቁጭ ብዬ በመጀመሪያው ቀን መጠየቅ የነበረብኝን ጠየቅኳቸው። ምን ተስላችኋል? መቼ ነው የሚገባው? ሲጨንቃችሁ የምትሰሙት የማንን ቃል ነው? ጸበሉን እንዴት ነው የምትወስዱት? ሃይላንዱ ከአልጋው ሥር ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ልጅቷ መድኃኒት ላይ እያለች የነጭ ደም ሴሏ ይወርዳል፤ ያልፈላ ውኃ ሊያሳምማት ይችላል። ይህን ለካህኑ ስነግራቸው ጸበል ይፈላ አላሉም፣ አይፈላም አላሉም። «ጥምቀቱና መጠጣቱ ይቆይ፤ በግንባሯ ጠብታ ይበቃታል» አሉ። እምነቱም እንደዚያው፤ ግንባር ላይ እንጂ ቁስል ላይ አይደለም። እኔ ይህን ሁሉ ላስረዳ ብል ቀን አይበቃኝም ነበር።

ከዚያ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ገዛሁ፤ የወር በዓላቱ የተጻፉበትን፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ የሚሸጠውን። የቀሩትን መርፌዎች በሙሉ እሱ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ከበብኳቸው። መጀመሪያ በየሳምንቱ ነው፤ ኋላ ክፍተት ይኖረዋል። «ይሄ ከሚካኤል ማግስት ነው፤ ይሄ የመድኃኔዓለም ዋዜማ ነው» እያልን ቆጠርን። የመጨረሻው ሐምሌ 11 ላይ ዋለ። አባትየው ቀን መቁጠሪያውን አጥፎ ኮቱ ውስጥ ከተተው። የኛን ነጭ የቀጠሮ ካርድ እንዲህ ሲያከብር አይቼው አላውቅም።

እናትና ልጅ አዲስ አበባ ማረፊያ አገኙ። ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ የካንሰር ሕፃናት ማረፊያ ያላቸው ድርጅቶች አሉ፤ የማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲና በወላጆች የተመሠረተው ተስፋ አዲስ በዚህ ይታወቃሉ። ማረፊያ ባይኖር የቀረው ሁሉ ወሬ ነበር። በየሳምንቱ ከገጠር መመላለስ በግ ሸጦ የሚቻል አይደለም።

መጋቢት ላይ አንድ ሌሊት ተፈተንን። «ትኩሳቷ 38 ከደረሰ እንዳይነጋ» ብዬ ቴርሞሜትር ሰጥቻት ነበር። እናትየው ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት በኮንትራት ታክሲ መጣች። 38 ነጥብ 6። ነጭ የደም ሴሏ በጣም ወርዷል። ወዲያው አንቲባዮቲክ ጀመርን፤ በአምስተኛው ቀን ወጣች። «ጸበል ረጭቼላት ልደር አላልሽም?» ብዬ ጠየቅኳት። «ረጭቼላታለሁ። ታክሲ ውስጥ ነው የረጨሁላት» አለችኝ።

ያልሠራው

ማስፈራራት አልሠራም። በጠቅላላው አምስት ሳምንት ነው ያጣናቸው፤ ምናልባት በስልክ ባልቆጣ ቀድመው ይመጡ ነበር። ረጅም የሳይንስ ማብራሪያም አልሠራም። የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ግማሽ ሰዓት የለፋችበትን ካህኑ በሁለት ደቂቃ ጨረሱት። ዕውቀቷ አንሶ አይደለም። ስለቱን «ተቀብያለሁ» ማለት የሚችሉት እሳቸው ብቻ ስለሆኑ ነው።

አይቶ እንዳላዩ ማለፍም አልሠራም። ሃይላንዱን ባላየ ሳልፍ መቻቻል መስሎኝ ነበር። ለእናትየው የነገራት ግን «እዚህ ይህ አይወራም» የሚል ነው። ስለዚህ ስለቱንም፣ ጾሙንም፣ እምነቱንም፣ ያመረቀዘውን ቁስልም ደበቀችን።

«ተጠናቋል» የምትለዋን ቃል ደግሞ ክፍላችን ውስጥ ከልክለናል። ሐኪሙ የተሳሳተ ነገር አልተናገረም። ቀዶው ተጠናቋል። ሰሚው ግን ሌላ ሰማ። አሁን የምንለው «አንደኛው ምዕራፍ በሰላም አልፏል፤ ሁለተኛው በዚህ ቀን ይጀምራል» ነው። ቀኑን ሳንናገር አንጨርስም።

ሌላ ክፍል ሊወስደው የሚችለው

ከዚህ ጉዳይ ወዲህ አራት ያህል ቤተሰብ ላይ ሞክረነዋል። ሁለቱ ሙስሊሞች ነበሩ፣ አንዱ ጴንጤ። ስለት በሁሉም ቤት በዚህ ስሙ የለም። ሁሉም ጋ ግን የምስጋና ቀን አለ፤ የሶደቃ፣ የምስክርነት፣ የድግስ። ያቺ ቀን ሕክምናው ሳያልቅ ከመጣች ልጁ ይጠፋል። ስለዚህ ቀኗን መጠየቅ ያስፈልጋል። አትከልክሏቸው፤ የት ላይ እንደምትውል አብራችሁ ቁጠሩ። ለየደረጃው የምታንስ ምስጋና ብትኖር ደግሞ የተሻለ ነው። ሰው 27 ሳምንት ሙሉ ሳያመሰግን አይቆይም።

የሃይማኖት አባትን ማግኘት የሚፈራ ባልደረባ ብዙ ነው። «ጸበል ብቻ ይበቃል ቢሉስ?» ይሉኛል። የሚሉ አሉ፤ ገጥመውኛል። ግን መንገዱ አዲስ አይደለም። የኤችአይቪ መድኃኒት በስፋት መሰጠት ሲጀምር እንጦጦ ላይ ስንት ሰው ክኒኑን ትቶ እንደነበር የምናስታውስ አለን። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው፣ አይጋጩም ብለው በይፋ ተናገሩ። ያ ንግግር ዛሬም ይሠራል፤ ስጠቅሰው የተቃወመኝ ካህን የለም። ይህን የምለው ካህኑን ወደ ሐኪምነት ለመጎተት አይደለም። መጠኑን እኛ እንናገራለን፣ ፈቃዱን እሳቸው ይሰጣሉ። ሁለቱ ሲደባለቁ አይቻለሁ፤ አያምርም።

አያትን አትርሱ። ፈቃድ ላይ የፈረሙት አባትና እናት ናቸው። የቤቱን ቃል የሚሰጡት አያት አንድም ቀን ክፍላችንን አልረገጡም ነበር። አሁን «እቤት ማን ነው ትልቁ?» ብለን እንጠይቃለን፤ ሩቅ ከሆኑ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገን እናስረዳቸዋለን። አንዳንዴ አይሰማቸውም፣ እንጮኻለን። ክፍሉ ይስቃል።

አሁን

የመጨረሻው መርፌ ሐምሌ 11 ተወጋ። ቤተሰቡ ሐምሌ 19 ቁልቢ ሊሄድ አሰበ። እኔ ደግሞ ፈራሁ፤ የነጭ ደም ሴሏ በሚወርድበት ሳምንት ላይ ነው፣ ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ያ ሁሉ ዝናብ። ካህኑ ጋ ደወልን። «ገብርኤል በታኅሣሥም አለ» አሉ። ለታኅሣሥ ተሻገረ።

ልጅቷ በአንድ ኩላሊት ትኖራለች። አንድ ኩላሊት ይበቃል። በሽታው የሚመለስ ከሆነ በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ስለሆነ በየሦስት ወሩ በአልትራሳውንድና በራጅ እናያታለን። እስካሁን ንጹሕ ናት። የቀጠሮ ካርዷ አባትየው ዳዊት ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ባለፈው ሲያወጣው ሠላሳ ሰባተኛው መዝሙር ላይ ነበር። ሆን ብሎ ይሁን አይሁን አልጠየቅኩትም።

የወሎዋ እናት ልጇን ግንቦት ላይ ቀበረች። ሁለተኛው ሕክምና አልያዘለትም።

ታኅሣሥ 19 ቀን እኩለ ቀን ላይ እናትየው ከቁልቢ ደወለችልኝ። ጩኸቱ አያስወራም። ጥላው መግባቱን ነገረችኝ፤ ልጅቷ በእግሯ ሽቅብ መውጣቷን፣ ከዚያ አዝሉኝ ማለቷን። ማተቧም አንገቷ ላይ ነው፣ ከነመስቀሉ። እንኳን አደረሰሽ አልኳት።

«አንቺ ሁለተኛ ነሽ» አለችኝ። «መጀመሪያ የደወልኩት ወሎ ነው።»